የአምናውን የሚመስል ሪፖርት

ባለፈው ሰሞን ለአቶ ገዳሙ ሙት ዓመት ቆሰበር ሄጄ ነበር። ዛሬ ወጣቱ ሁሉ እንጅባራ ነው የሚለው፤ እኔ ግን በዚያች ከተማ ጭቃ ስንት ጫማ የጨረስኩ ሰው ስለሆንኩ በድሮ ስሟ ብጠራት የሚከሰኝ የለም። አቶ ገዳሙ የድሮ አለቃዬ ናቸው። በሕይወት ሳሉ ከዳንግላ ተነሥቼ እጠይቃቸዋለሁ ስል ሞቱ፤ ቀብራቸው ላይም ባለቤቴን ሞላን አሞት ስለነበር አልተገኘሁም። ከሙት ዓመታቸው ብቀር ግን ነውር ነው ብዬ፣ ሞላን ለምኜ፣ ሳይመሽ እንደምመለስ ቃል ገብቼ፣ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ቤተ ክርስቲያን ደርሰን፣ ግቢያቸው ውስጥ የተተከለው ድንኳን ገብተን ምሳ እንደቀረበ ዝናቡ መጣ። የቆሰበርን ዝናብ የማያውቅ ሰው ትንሽ ጠብቄ እወጣለሁ ይላል። እኛ የምናውቀው ግን ነጠላችንን አጥብቀን፣ እግራችንን ወደ ውስጥ ሰብስበን፣ ከጎናችን ማን እንዳለ ማየት እንጀምራለን፤ ከዚያ ሰው ጋር ብዙ መቆየታችን ነውና።

ለእንግዳው ሁሉ የሟች የሕይወት ታሪክ የታተመበት ወረቀት ታድሎ ነበር። የልጅ ልጃቸው በኮምፒውተር ጽፋ ያባዛችው ነው አሉ። እኔ ወረቀት ሲሰጡኝ ከማንበቤ በፊት አየዋለሁ። የሙያ በሽታ ነው፤ ልብስ ሰፊው ባሌም ሰው ሲያገኝ ከፊቱ በፊት ስፌቱን ነው የሚያየው። እስከ ወረቀቱ ወገብ ድረስ አንቀጾቹ በእኩል ህዳግ፣ በአንድ ዓይነት ፊደል፣ ሰልፋቸውን ጠብቀው ወርደዋል። ከዚያ በታች አንዲት አንቀጽ ብቻዋን ወፍራ፣ መሃል ሜዳ ላይ ቆማ፣ ግንባሯ ላይ ሰባት ቁጥር ለጥፋለች። ከእርሷ በፊት ስድስት የለም፤ አንድም የለም። «ይቺስ የሰው ናት» አልኩ በሆዴ። ሳነባት አልተሳሳትኩም። ሟች በጥሊሊ ገበያ የታወቁ የፈረስ ነጋዴ እንደነበሩና ለፈረስ የነበራቸው ፍቅር ሲወራ እንደሚኖር ትናገራለች። አቶ ገዳሙ ፈረስ የሚባል ነገር ይፈሩ ነበር። አገሩ ሁሉ ፈረስ ጭኖ አደባባይ በሚወጣበት ቀን እርሳቸው የቢሮውን መስኮት ዘግተው ከመስታወቱ ኋላ ቆመው ነበር የሚያዩት። ሳቄን በነጠላዬ ጫፍ ልሸፍን ስል ከጎኔ ያለችውም ሴት ነጠላዋ ውስጥ ሆና ትንቀጠቀጣለች። ዞር ብላ አየችኝ፤ አበቡ ናት። «ልጅቷ የሌላ ሟች ወረቀት ላይ ጽፋላቸው ነው፣ እትዬ ዘውዴ» አለችኝ፣ እንደምን ከረሙ እንኳ ሳትለኝ። ተቃቅፈን ስንሳሳም ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ዞር ብለው ገላመጡን።

አበቡ ማን እንደሆነች ለመናገር ከራሴ መጀመር አለብኝ። እኔ ቆሰበር የገባሁት የታይፕ ትምህርቴን ጨርሼ፣ ምስክር ወረቀቴን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ በጭነት መኪና ጋቢና ተቀምጬ ነው። ሹፌሩ የነበረው አንድ ካሴት ብቻ ስለነበር ያንኑ ዘፈን እየመለሰ እያጫወተ አዲስ ቅዳም ስንደርስ ከእርሱ እኩል እዘፍነው ነበር። የተከራየኋት ክፍል ግድግዳዋ የተፈለጠ ቀርከሃ ሆኖ በጭቃ የተመረገ ነበር፤ ምርጉ የተነሣበት ጋ ነፋሱ እያፏጨ ይገባል። ኪራይዋ አሥራ አምስት ብር። መናኸሪያው ጥግ ላይ የቀርከሃ ወንበር የሚሸጡ ሰዎች ጎን አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ሻይዋ ስሙኒ የማይሞላ፣ ፓስቲዋ እንደ ልጅ ጡጫ የሚያህል፣ ራዲዮኗ ደግሞ እሑድ እሑድ ተመርጠው የሚሰሙ ዘፈኖች የሚወጡባት። የዚያን ጊዜ ጸሐፊ መሆን ዘንጦ መውጣት ነው። ጉርድ ቀሚስ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ በእጄ የሠራሁት አረንጓዴ ሹራብ ነበረኝ። ባለ ተረከዙን ጫማ በቦርሳ ይዤ፣ በፕላስቲክ ቦት ጭቃውን አቋርጬ፣ የቢሮው በር ላይ ቆሜ እቀይራለሁ። ዛሬ በዚያ መንገድ ላይ ባጃጅ ሲርመሰመስ ሳይ ያ ቦት የት እንደገባ ትዝ አይለኝም። ካርቦን ወረቀት የሚሸት ነገር ባገኝ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ከነበርኩበት ክፍል እገባለሁ።

መሥሪያ ቤታችን እኔ ሳለሁ ብቻ ሁለት ጊዜ ስሙን ለውጧል፤ ማኅተሙም፣ ግድግዳው ላይ የሚሰቀለው ፎቶም እንዲሁ። ያልተለወጡት ታይፑና አቶ ገዳሙ ናቸው። እርሳቸው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ፈሪ ነበሩ እንጂ። አንድ ጊዜ፣ እኔ ሳልመጣ፣ ከእርሳቸው ቢሮ የሄደ ዓመታዊ ሪፖርት ሠንጠረዡ ካለፈው ዓመት የተለየ ነው ተብሎ ከበላይ ተመልሶባቸው በሰው ፊት ተሳቅቀዋል አሉ። ከዚያ ወዲህ አንዲት ሕግ አወጡ፦ «የዘንድሮው የአምናውን ካልመሰለ አልፈርምም።» ስለዚህ በእኛ ቢሮ በባዶ ወረቀት የሚጀምር ነገር አልነበረም። የአምናው ሪፖርት ከታይፑ ጎን ይዘረጋል፤ ርእሱ ከየት እንደሚጀምር፣ አንቀጹ ስንት ፊደል ገብቶ እንደሚነሣ፣ በመስመርና በመስመር መካከል ምን ያህል እንደሚተው ከእርሱ ላይ እየተቆጠረ ይወሰዳል። ስጨርስ አቶ ገዳሙ የአምናውንና የዘንድሮውን ገጽ ደርበው መስኮቱ ላይ ይለጥፏቸውና በብርሃኑ ያዩዋቸዋል። ርእስ ከርእስ ላይ ካላረፈ ገጹ ከነካርቦኑ ይቀደዳል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ የማውቀው ወረቀት ሰውም ይይዝ ነበር።

ሞላን ያገባሁት ቆሰበር ብዙም ሳልቆይ ነው። ዳንግላ ገበያው ጥግ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን አስቀምጦ ሱሪ የሚያሳጥር፣ ለበዓል የልጆች ልብስ የሚሰፋ፣ ዝምተኛ መልከ መልካም ሰው ነበር። እናቱ ብቻቸውን ስለሆኑ እርሱ ወደ እኔ መምጣት አይችልም። እኔም ሥራ አለኝ። እንግዲህ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ያገኘሁት መኪና ላይ ተንጠልጥዬ እሄዳለሁ፤ ሰኞ ጎሕ ሲቀድ እመለሳለሁ። ያን ቅዳሜ እስከ ዛሬ እወደዋለሁ። ስደርስ ክሩን ጠራርጎ፣ መኪናውን በሸራ ሸፍኖ፣ ጸጉሩን በውኃ አርጥቦ አበጥሮ ይጠብቀኛል። ሰው እንዳያየን ትንሽ ተራርቀን ሻይ ቤት እንሄዳለን፤ ተጋብተን እያለን እንኳ እናፍር ነበር። ልጅም አንድ ቤት ስንገባ እንወልዳለን እያልን አቆየነው፤ በኋላ ግን እግዜር አልፈቀደልንም። በየዓመቱ ሐምሌ ላይ የዝውውር ማመልከቻ ይዤ አቶ ገዳሙ ዘንድ እገባለሁ። በየዓመቱ መልሳቸው አንድ ነው፤ ሪፖርቱ ይውጣና እንነጋገራለን። ሪፖርቱ ሲወጣ የዕቅዱ ጊዜ ነው፤ ዕቅዱ ሲያልቅ የግማሽ ዓመቱ ይመጣል። አንቺ የዚህ ቢሮ ምሰሶ ነሽ ይሉኛል ደግሞ። ደስ የሚል ነገር ይመስላል፤ ምሰሶ ግን ከተተከለበት አይነቃነቅም፣ የሚነቃነቅበት ቀን ቤቱ የፈረሰበት ቀን ነው። ማታ ክፍሌ ገብቼ የበሩን መቀርቀሪያ ስዘጋ ከውጭ የተዘጋብኝ ይመስለኝ ነበር።

ኮምፒውተር መጣ የተባለ ቀን እግዚአብሔርን አመስግኛለሁ። ቢሮ ውስጥ ጠረጴዛ ተዘጋጅቶለት፣ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ፣ ጫማ ሳይወልቅ የማይገባበት ክፍል ተሰጥቶት ተቀመጠ። ከባሕር ዳር የመጣው ወጣት ግማሽ ቀን አሳይቶን ሄደ። እንደገባኝ ከሆነ፣ የአምናው ሪፖርት ማሽኑ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከየወረዳው በዲስኬት የሚመጣው ጽሑፍ ተቆርጦ ይለጠፍበታል፣ በቃ። እንግዲህ ይህን ማንም ይሠራዋል፤ እኔም እለቀቃለሁ። የሆነው ግን ሌላ ነው። ከአንዱ ወረዳ የመጣች አንቀጽ ስትለጠፍ የራሷን ህዳግ፣ የራሷን ቁጥር፣ የራሷን የፊደል መልክ ይዛ ትመጣለች። አንዷ ስትገባ ጎረቤቷን ታሰናክላለች፤ ስድስት ብለን የተውነው ቁጥር እንደገና አንድ ብሎ ይጀምራል። ርእስ ጽፌ ወደ ታች ስወርድ ከሥር ያለው መስመርም የላይኛውን ጠባይ ወርሶ እኔም ርእስ ነኝ ይላል። አንዳንዱ ዲስኬት ላይ ያለው አማርኛ ደግሞ እኛ ማሽን ላይ ሲከፈት የጉንዳን ሰልፍ ይሆናል። አቶ ገዳሙ መስኮቱ ላይ ሲለጥፉት ከአምናው ጋር አንድ ቦታ እንኳ አልገጠመም። ያለኝ አማራጭ ሁሉንም ከመጀመሪያ እየጻፍኩ፣ ክፍተቱን አንድ በአንድ በጣቴ እየመታሁ ማስተካከል ነበር። ከዚያ በኋላ ያን ሥራ ከእኔ በቀር የሚነካው ጠፋ። ያወጣኛል ያልኩት ማሽን ባሰብኝ።

አበቡ የመጣችው ያኔ ነው። ከባንጃ ገጠር የመጣች፣ ቤቷ አውንጊ ተናግራ ያደገች፣ አማርኛዋ የትምህርት ቤት ስለሆነ ከመናገሯ በፊት የምታስብ ልጅ ነበረች። ረዳት ጸሐፊ ተብላ ከጎኔ ስትቀመጥ መውጫዬ ይቺ ናት አልኩ። የማውቀውን ሁሉ አሳየኋት፤ ግን እኔም የማላውቀው ነገር ነበር የያዘን። አንድ የክረምት ቀን መብራት እየሄደ እየመጣ ሥራ ፈትተን ተቀምጠን ሳለ በማውሱ ከላይ ያለች አንዲት ምልክት ነካችና ገጹ በሙሉ በነጠብጣብ ተሞላ። «እትዬ፣ አበላሸሁት መሰለኝ» አለችኝ፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እኔም ደንግጬ ነበር። ቀረብ ብዬ ሳይ ግን በእያንዳንዱ አንቀጽ መጨረሻ ላይ የተገለበጠ የፈረንጅ ፊደል የምትመስል ትንሽ ምልክት አለች። ሌላ ጊዜ የማትታይ፣ ሁልጊዜ ግን እዚያው የነበረች። አንቀጹን ከነምልክቷ ይዘን ሌላ ቦታ ለጠፍነው፤ ልብሱን ይዞ ሄደ። ምልክቷን ትተን ቃላቱን ብቻ ወሰድን፤ የገባበትን ቤት ልብስ ለበሰ። ምልክቷን ስናጠፋት ሁለት አንቀጾች ተጋጭተው አንዱ የሌላውን ጠባይ ያዘ። እስኪመሽ ድረስ እንደ ልጅ ስንጫወትባት ዋልን። የአንቀጽ ጠባይ የሚቀመጠው በቃላቱ ውስጥ ሳይሆን በመጨረሻዋ ምልክት ውስጥ መሆኑን ያወቅነው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ነገር ዛሬም ቢጠይቁኝ የማልለውጠው ሐሳብ አለኝ። ሊኖር የመጣ አንቀጽ የቤቱን ልብስ ይልበስ፤ አለበለዚያ ሪፖርቱ የገበያ ቀን ይሆናል። የሌላ ሰው ቃል ነው ተብሎ የመጣ ግን የራሱን ልብስ እንደያዘ ይቀመጥ፣ እንግዳ መሆኑ ይታወቅ። ማሽኑ ደግሞ ሳይጠይቅ አይወስን። የዛሬዎቹስ ይጠይቃሉ አሉ፤ ቤታችን ክፍል የተከራየች ተማሪ ኮምፒውተሯ ላይ አሳይታኛለች። ስትለጥፊ ከጎን አንዲት ትንሽ ሳጥን ብቅ ትልና የመጣበትን ይያዝ ወይስ ያለበትን ይምሰል ትላለች። እኛ ይህችን ሳጥን ብናገኝ ኖሮ ስንት እንቅልፍ ባተረፍን። ለማንኛውም የዚያን ዓመት ሪፖርት አበቡ ብቻዋን ሠራችው። እኔ እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀምጬ አየኋት። አቶ ገዳሙ የአምናውንና የዘንድሮውን ደርበው መስኮቱ ላይ ለጠፉ። ገጽ በገጽ ሲያዩ ረፈደ። ርእስ በርእስ ላይ፣ ቁጥር በቁጥር ላይ ቁጭ ብሏል። «እንግዲህ አንቺን የማስቀርበት ምን ምክንያት አለኝ» አሉኝ፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ ቆዩ። አልጋዬን ጭነት መኪና ላይ ጭኜ ከቆሰበር ስወጣ ሰው ሁሉ እየሳቀ ነው የሸኘኝ፤ አበቡ ብቻ አለቀሰች።

ዳንግላ ስገባ ኮምፒውተር አልነበረም፤ መዝገብ ቤት መደቡኝ። አቧራ ስጠርግ ጥቂት ቆየሁ። ከዚያ የሞላ እናት ደከሙ፤ ሱቁም ሥራ በዛበት፤ ሞላም ለሰው ከምትሠሪ ለራሳችን ብትሠሪ አለኝ። እውነት መሰለኝና ሥራውን ተውኩት። አዝራር መትከል፣ ጠርዝ መልቀም ጀመርኩ። አማቴ ክፉ ሴት አልነበሩም፤ ግን በዚያ ቤት ድስቱ የሚቀመጥበት፣ ጨው የሚገባበት፣ መጥረጊያው የሚቆምበት ቦታ ከእኔ በፊት ተወስኖ አልቋል። ምሽት እሳት ዳር በአውንጊ ሲያወሩ እኔ ግማሹን ሰምቼ ግማሹን ከፊታቸው እገምታለሁ። እርሳቸው ሲሞቱ ቀለል የሚለኝ መስሎኝ ነበር፤ ሥርዓቱ ግን እኔው እጅ ላይ ቀረ፣ ድስቱንም ካስቀመጡበት አላነሣሁትም። ሞላ አይጠጣም፣ አይማታም፣ አይሳደብም። ከገበያ ስመለስ የት ነበርሽ ይለኛል። ከጎረቤት ስመለስ ማን ነበር ይለኛል። ለቅሶ ስሄድ መቼ ትመለሻለሽ ይለኛል። ሰው ምን ጎደለሽ ቢለኝ የምመልሰው ነገር አልነበረኝም፤ ይሄ ነው የባሰው። አንድ ቀን በረንዳው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን እኔ አዝራር ስተክል፣ ቀና ብሎ አየኝና «ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጪ ሳቂታ ነበርሽ» አለኝ። ሊያስቀይመኝ አይደለም። እርሱም የናፈቀው ያቺን ሴት ነበር፤ ያቺ ሴት ደግሞ እዚያ ሻይ ቤት ቀርታለች።

ድንኳኑ ውስጥ ዝናቡ ሸራውን ሲመታ ከጎን ያለ ሰው ካልሆነ ሌላ አይሰማም። አበቡ ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ ያላወቅሁትን ነገር ነገረችኝ። እኔ ከሄድኩ በኋላ አንድ ክረምት በረዶ የአባቷን ድንች ከሥሩ ጨርሶት ነበር። አባቷ ምን ያድርጉ፣ ከብት ያለው አንድ ሰው ለእርሷ ሽማግሌ ልኮ ነበርና እሺ ብለው ሊወስዷት ቆሰበር መጡ። ሰውየው ዕድሜው እንዳባቷ የገፋ ነው። እርሷም አባቷን እምቢ የምትልበት አንደበት የላትም፤ ልብሷን ጠቅልላ ቢሮው በር ላይ ቆማለች። አቶ ገዳሙ ግን ወጥተው አባቷን በአክብሮት አስቀመጡና፣ ይቺ ልጅ ከሄደች የመንግሥት ሪፖርት አይወጣም፣ እኔ ልለቅ ብል ሕጉ አይለቅም አሏቸው። ሕግ የሚባል አልነበረም። አባቷ ከመንግሥት ጋር አልጣላም ብለው ተመለሱ። እርሷም እዚያው ወንበር ላይ ሆና ማታ ማታ ተማረች፣ ታናናሾቿን አስተማረች፣ ዘግይታ አንድ ደግ ሰው አግብታ፣ እርሱን ቀብራ፣ ዘንድሮ ጡረታ ወጣች። «ያቺን ወንበር ባይተዉልኝ ምን እሆን ነበር እያልኩ ሁልጊዜ አመሰግንዎታለሁ፣ እትዬ» አለችኝ።

ያ ሁሉ ዓመት ያፈነኝ የሪፖርት ሰበብ ለእርሷ መሸሸጊያ ሆኖላታል። የአቶ ገዳሙ ፍርሃት እንዲህ ያለም ሥራ ኖሮታል እንዴ አልኩ፤ ያቺን የፈረስ ነጋዴ አንቀጽ አውጥተው ይህን ቢያስገቡላቸው ምን ነበረበት። አበቡ እጄን ያዘችኝ።

«እርስዎስ? የለመኑትን አገኙ። ተደላደሉ?»

ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለኝ። ተመስገን እላለሁ፤ ጠያቂውም ተመስገን ይላል፤ ነገሩ ያልቃል። ያን ቀን ግን፣ ዝናቡ ይሁን ሳቁ አላውቅም፣ አንደበቴ እምቢ አለኝ።

«አልተደላደልኩም» አልኳት። ለማንም ብዬው አላውቅም ነበር።

ከዚያ የቀረውም ወጣ። አንድ ክረምት ሞላ ገበያ ሲውል ልብሴን በቦርሳ ሸክፌ ቆሰበር ልመለስ መነሣቴን ነገርኳት። አቶ ገዳሙ ካዩኝ እንደሚቀበሉኝ አውቃለሁ። አዲስ ቅዳም ደርሼ መኪናው ተሳፋሪ ሊጭን ሲቆም ወረድኩ። ከከሰል ጆንያዎቹ አጠገብ ቆሜ ወደ ቆሰበር ሳይ ሰማዩ ጠቁሯል። እየሳቁ ለሸኙኝ ሰዎች ምን ብዬ ልገባ ነው? ባሏ ምን አደረጋት ሲሉ ምን ልል ነው? ምንም አላደረገኝም። በሚመለሰው መኪና ተሳፍሬ፣ ሞላ ሳይገባ ልብሴን ቦታ ቦታው መለስኩ። ማታ የት ነበርሽ ሲለኝ የትም አልኩት።

አበቡ ስትሰማኝ ቆይታ «የትኛው ክረምት ነው?» አለችኝ።

«በረዶ የመታበት። መንገድ ዳር ያለው ድንች ሁሉ ጠቁሮ ነበር።»

እጄን አልለቀቀችም፤ ግን ፊቷ ተለወጠ። ሸራው ላይ ውኃ እያቆረ በአንድ በኩል ሲፈስ ልጆች ባልዲ ደቀኑበት።

«ያን ለት መጥተው ቢሆን» አለች ቀስ ብላ፣ «አቶ ገዳሙ አባቴን ‹ዘውዲቱ ተመልሳለች፣ ልጅዎን ይውሰዱ› ነበር የሚሏቸው።»

ምን እንደተሰማኝ እውነቱን ልናገር። ደስ አላለኝም። ከአዲስ ቅዳም መመለሴ ለሌላ ሰው መውጫ በር መሆኑን ማወቅ ያን ሁሉ ዓመት አይመልስልኝም፤ እኔ ደግሞ ለእርሷ ብዬ አልነበረም የተመለስኩት፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው። ተናደድኩም ማለት ይቻላል፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ሆኖም ስለዚያች ቀን ባሰብኩ ቁጥር ራሴን ፈሪ እያልኩ እረግም ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ለመርገም አፌ አልተከፈተም። አበቡ በነጠላዋ እንባዬን ጠረገችልኝ፤ ማልቀሴን ያወቅሁት ያኔ ነው። ከፊት ያሉት ሽማግሌ እንደገና ዞሩ፤ አሁን ግን ለሟች የማለቅስ መስሏቸው አይዞሽ አሉኝ።

ዝናቡ ጋብ ሲል ሰው መነሣት ጀመረ። ከአስፋልቱ በኩል የሚኒባስ ረዳት ዳንግላ፣ ዳንግላ እያለ ሲጠራ ይሰማል። ለባለቤታቸው እግዜር ያጥናዎት ብዬ ቦርሳዬን አነሣሁ። አበቡ ግን ክንዴን ይዛ ወደ አስፋልቱ ሳይሆን ወደ ላይኛው ሰፈር አዞረችኝ።

«ዛሬ እኔ ዘንድ ይደሩ» አለች። «የራሴ ቤት ነው። የት ነበርሽ የሚለኝ የለም፤ እርስዎንም የሚልዎት የለም።»

ከሞላ ቤት ውጭ አድሬ አላውቅም፤ አልጋዬን ጭኜ ከቆሰበር ከወጣሁ ጀምሮ። ልነግራት አፌን ስከፍት ስልኬ ጮኸ። ሞላ ነው። የሚኒባሱ ረዳት አየኝና አንድ ሰው ቀረ ብሎ በእጁ ጠራኝ።

«ተሳፈርሽ?» አለኝ ሞላ።

«ዛሬ አልመጣም» አልኩት። ስልኩን ከጆሮዬ አነሣሁና ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም፤ ኔትወርኩ ግን ደህና ነበር።